ከክሬኑ ላይ ለኮስቴክ

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ግዲኒያ ወደብ ላይ፣
አርባ ሜትር ከፍታ፣ ከመርከቦች በላይ፣
ጓንቴን አውልቄ፣ ስልኩን ከጆሮዬ፣
የዕረፍቴን ሩብ ሰዓት ሰጠሁህ፣ አለኝታዬ።

ነገ ስድስት ዓመት ይሞላታል ያግና፤
እናቷም አትደርስ፣ መርከቧ አልገባችና፤
አንተም ጎህ ሲቀድ አምቡላንስ ትነዳለህ፤
ኬክ የምትጋግርበት ይህቺው ሌሊት ናት ያለችህ።
ሱቅ ልሩጥ አትበል፣ ሱቁ ተዘግቷል፤
ስማኝ፣ ያለህ ነገር ለዛሬ ይበቃል።

ቅቤው ድንጋይ ሆነ? እሳት ላይ አትጣደው፤
የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም፣ ተወው።
ካሮት መፈቅፈቂያውን አውጣና ፈቅፍቀው፣
ሳህን ላይ በትነህ አሥር ደቂቃ ስጠው።
እንቁላሉን ደግሞ ከነቅርፊቱ፣ ሦስቱንም፣
ለብ ባለ ውሃ ንከር፤ ይሙቅ እንጂ አይበስልም።
ብርድ የያዘው እንቁላል ቅቤን ያስደነግጣል፤
ሊጡም እንደ ከረመ ወተት ይቆራረጣል።

ሚዛኗን አውርዳት፤ በብርጭቆ አትስፈር።
እኔ፣ ኮንቴይነር ሳይመዘን የማላነሳ ፍጡር፣
ዱቄትን ሃያ ዓመት በግምት ስሰፍር
አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጡቤን በሻይ ሲያርስ፣
«ጣፋጭ ነው» ይል ነበር፤ ሳይስቅ፣ ሳያለቅስ።

ስኳሩን ከቅቤው ምታ፣ ክንድህ እስኪዝል፤
ቢጫው ፈዞ ፈዞ ነጭ እስኪመስል፤
እንቁላሉን አንድ በአንድ። ዱቄቱ ሲገባ ግን
ጉልበትህን ተው፤ በሽተኛ እንደምታነሳ ሁን፤
ነጩ ዱቄት ሲጠፋ፣ ያኔ እጅህን ሰብስብ፤
ብዙ ያማሰሉት ኬክ ጎማ ነው እንጂ አይደለም ምግብ።

ወረቀት አልቋል? መጋገሪያውን ቅቤ ቀባው፤
ዱቄት ነስንስበት፣ ገልብጠህ አራግፈው።
ምድጃው ቀድሞ ይጋል። ከከተትከው ወዲያ
በሩ አይከፈትም፤ መስታወቱ ነው ማያ።
በጥር በሽተኛ ጭነህ በሩን ከፍተህ ትነዳለህ?
ኬክም እንዲያ ነው፤ ብርድ ሲመታው ይወድቃል፣ ታያለህ።

ጠሩኝ፤ መርከብ ገባ። ዕቃውን እጠብና ተቀመጥ።
እደውላለሁ።
እንዳትተኛ።

እኩለ ሌሊት። ሃሎ? ምነው ድምፅህ ራደ?
መሐሉ ተሰነጠቀ? ጫፉስ ነደደ?
ደረቅ ፓስታ ውጋበት። ንጹሕ ሆኖ ወጣ?
በቃ፣ በስሏል ልጄ፤ ቀላል ነው ሌላው ጣጣ።
የነደደውን ጫፍ በቢላ ላጥለት፤
ስንጥቁን ወደ ታች ገልብጠህ አድርግለት።
ታቹ ለጥ ያለ ነው፣ ክሬሙ እሱ ላይ ይቀባ፤
ሻማው ስድስቱም ቀጥ ብሎ እዚያው ይግባ።

ደግሞ አትቸኩል። ትኩስ ኬክ ላይ ክሬም እንባ ነው፤
ወርዶ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታገኘው።
ይደር። በረንዳ ላይ ግን እንዳታወጣው፤
አምና ልደቷን ያከበሩት የባሕር ወፎች ናቸው፣
እኛ ባዶ ሳህን ይዘን ቀረን፣ ታስታውሳለህ?
በፎጣ ሸፍነው። ጠዋት ደረቅ ሆኖ ካገኘኸው
የቼሪ ማርማላታ በሙቅ ውሃ አቅጥነህ አርሰው፤
ማን ያውቃል? እኔ አልናገር።

ኮስቴክ፣ ከዚህ ሆኜ ኮረብታው ይታየኛል፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ቢጫ መስኮት፣ የአንተ ይመስለኛል።
ሊጥ የነካ እጅህን መጋረጃው ላይ እንዳትጠርግ።
ምን ያስቅሃል?
ሂድ ተኛ በል።

ስልኩን ዘጋሁት። መስኮቱ ግን አልጠፋም።
ከዚህ ርቀት የሰው ጥላ አይታይም፤
ግን አውቀዋለሁ፤ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ
ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል፣ መልሶ ይሸፍነዋል።
እኔም የመጨረሻውን ኮንቴይነር፣ ሃያ ሁለት ቶን፣
ከመርከቡ ወለል ላይ አሳረፍኩት በቀስታ፣
እንቁላል እንደያዘች ሴት።